ስለ እኔ የተቀበሉት ካሳ

ኢራቅና ኩዌት በቴሌቪዥን ሲታረቁ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዱ ሚኒስትር የሌላውን ጉንጭ ይስማል፣ ከኋላቸው ባንዲራ ተደርድሯል፣ ኢራቅ ለወረራው የምትከፍለው የጦርነት ካሳ ተከፍሎ አለቀ ይባላል፣ የቀድሞው ብድር ደግሞ ይማር አይማር እየተመካከርንበት ነው ይባላል። በማን ስም ምን እንደተወሰደ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ነበርኩበትና።

ገና ልጃገረድ ሳለሁ በዑምራ ጉዞ ስም ከወሎ ወጥቼ፣ በሳዑዲ በኩል ኩዌት ገብቼ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። እመቤቴ ደመወዜን "እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ፣ አገርሽ ስትገቢ በአንድ ጊዜ ትወስጂዋለሽ" እያለች ሁለት ዓመት ያዘችብኝ። የኢራቅ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ እሷና ባሏ ልጆቻቸውን በመኪና ጭነው ወደ ሳዑዲ ሸሹ። ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ለሳሎኑ ምንጣፍ ግን ነበር፤ ጠቅልዬ የጫንኩት እኔ ነኝ። "ቤቱን ጠብቂ" ብላኝ ሄደች፣ ፓስፖርቴን በቦርሳዋ እንደያዘች። እኔም ከሕንዶችና ከግብጾች ጋር ተቀላቅዬ፣ ኢራቅን አቋርጬ፣ ዮርዳኖስ ድንኳን ውስጥ ወደቅኩ። ከብዙ ዓመት መንከራተት በኋላ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገባሁ። አሁን ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ የራሴ ቤት አለኝ።

ከጎኔ የሚኖረው ኢራቃዊ ነው። አንዋደድም። መኪናውን መውጫዬ ላይ ያቆማል፣ ስናገረው የዛፍሽ ቅጠል ግቢዬን ሞላው ይለኛል። አንድ ቀን ግን ስለ ካሳው ዜና ሰምቶ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "እኔ ያኔ አልተወለድኩም ነበር፤ ዕዳው ግን ጠብቆኛል" አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ይህን ያለኝ እሱ መሆኑ አናደደኝ እንጂ።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ደወሉልኝ። ጋሼ የመስጊዳችን ሽማግሌ ናቸው፤ የጭነት መኪናዎች አሏቸው፣ ግማሽ ቀናቸው ግን የሚያልቀው ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ነው።

"ስንቴ ኮል ባደርግልሽ አታነሺም! ያቺ የኩዌቷ ሴትዮሽ እዚህ ናት እኮ።"

"የቷ?"

"ስንት አለሽ? የልጅ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ተከራይቶ ይማራል፣ እሱን ልታይ መጥታ ነው። መስጊድ በልጅ ልጇ በኩል ስለ አንቺ ስትጠይቅ ሰማኋት። ዘንድሮ ሐጅ ልትሄድ ነው። የሰው ሐቅ ይዤ አልሄድም ብላ ስታለቅስ ነው የከረመችው።"

"አለቀሰች?"

"እንዴት አድርጋ! አፖሎጃይዝ ማድረግ ትፈልጋለች።"

ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዕዳውን ይከፍላል፣ የበደለውን ሁሉ በየቤቱ ዞሮ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። የተበዳይ ሐቅ አንገት ላይ እንደታሰረ ከተሄደ ሐጁ ምኑ ሐጅ ነው? ትምጣ አልኩ። ገንዘቡን ድሮ ቆርጬ ትቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው አንዲት ቃል ነበር፤ "በድዬሻለሁ" እንድትለኝ። ይህችን ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ምግብ አልሠራሁም። ለእሷ የሠራሁት ይበቃል። ጋሼ ከሱማሌዎቹ ምግብ ቤት ሩዝና የፍየል ሥጋ ገዝተው፣ እሷን በመኪናቸው ይዘው መጡ። ከዘራ ይዛለች፤ አይኗ ግን ያው ነው። አቅፋ ሳመችኝ፣ የቴምር ካርቶን ሰጠችኝ፣ ከዚያ ሳሎኔን ከጥግ እስከ ጥግ አየች።

"ማሻአላህ! ያስተማርኩሽ ጽዳት ጠቅሞሻል" አለችኝ በዐረብኛ።

ዋጥኩት። ቃሏን እየጠበቅኩ ነበር። ሩዙ ተበላ፣ ሻይ ተጠጣ፣ እሷ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች፣ ስለ ልጅ ልጇ የቤት ኪራይ ታወራለች። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። የጋሼ ዐረብኛ ከዱዓ አያልፍም፤ እኛ ስናወራ ነገሩ የሰመረ መስሏቸው ፈገግ ብለው ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

በመጨረሻ ስለ ጦርነቱ አነሳች።

"የሆነው ሆነ፣ ያ ከንቱ ጎረቤታችን ኢራቅ ሁሉንም ከፈለ። መኪናውን ከፈለ፣ ወርቄን ከፈለ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ ከፈለ..."

ምንጣፉን! እነዚህ እጆቼ የጫኑትን ምንጣፍ!

"ለአንቺም እኮ ተቀብለናል" ብላ ሳቀች። "አንቺን ለማምጣት ለአስቀጣሪው ቢሮ የከፈልነው ገንዘብ ነበር አይደል? ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠራተኛችን በጦርነቱ ጠፍታብናለች ብሎ አስመዘገበ። ከፈሉን። አላህ ይመስገን።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሼ፣ ከንግግሯ የገባቸው ይህ ቃል ብቻ ስለነበር።

"ደመወዜስ?" አልኳት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። "እሱን እኮ አውፍ ብለሻል። ይሄ ሽማግሌ በልጅ ልጄ በኩል ነግሮኛል። እሷ ድሮ ረስታዋለች፣ ናፍቃሽ ነው የምትጠራሽ አለኝ።"

ወደ ጋሼ ዞርኩ። "ምንድነው ያሏት?"

ጋሼ የተረፈውን ሩዝ አዩ። "ለሰላም ነዋ፣ እህቴ። እስቲ ሪላክስ አድርጊ።"

የሽማግሌ ዘዴ ነው። ለአንዱ እሷ ተጸጽታለች ይላሉ፣ ለሌላዋ እሱ ይቅር ብሏል ይላሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በይሉኝታ ተይዘው ይተቃቀፋሉ። በዚህ ዘዴ ስንት ትዳር አትርፈዋል። ይሉኝታ ግን ይሉኝታ ያለው ሰው ይፈልጋል። ይቺ ሴት ማሪኝ ልትለኝ ሳይሆን ምሳ ልትበላ ነው የመጣችው።

ክንዷን ይዤ መስኮቱ ጋ አቆምኳት። ጎረቤቴ ውጭ መኪናውን ያጥባል፣ እንደ ልማዱ የእኔን መውጫ ዘግቶ።

"ያ ሰው ኢራቃዊ ነው" አልኳት። "እኔ ጠፋሁ ብላችሁ ዋጋዬን የወሰዳችሁት ከእሱ ነው፣ ያውም ሳይወለድ። ይኸው አልጠፋሁም። የተዋችሁኝ ቦታ ነበርኩ። ለእሱ የወሰድሽውን መልሺለት፣ እኔን በድዬሻለሁ በይኝ፣ ያኔ አውፍ እልሻለሁ።"

ክንዷን አስለቀቀች። "ይሄ በመንግሥታት መካከል ያለቀ ጉዳይ ነው።"

"እንግዲያው ሐጁንም መንግሥት ያድርግልሽ።"

ይሄኛው ለጋሼም ሳይተረጎም ገባቸው መሰለኝ፣ ተነስተው የመኪናቸውን ቁልፍ ፈለጉ። ሴትዮዋ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። የቴምሩን ካርቶን ይዤ ተከተልኳትና በጋሼ መኪና ወንበሯ ላይ አስቀመጥኩላት። ኢራቃዊው ጎማውን ማጠብ ትቶ አፈጠጠብን። "ምን ታያለህ?" አልኩት።

የሐጅ ጊዜ ደረሰ። አንድ ጠዋት ጋሼ ፎቶ ላኩልኝ፤ ሴትዮዋ ነጭ ለብሳ፣ ከኋላዋ ካዕባ። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ይሄን ለምን ይልኩልኛል?"

"ደስ ይበልሽ ብዬ ነዋ። ስሸኛት ኤርፖርት ላይ አንገቷን ደፍታ አሳዘነችኝ። ከእሷ ዘንድ ነው የምመጣው፣ አውፍ ብላሻለች ብዬ በልጅ ልጇ አስነገርኳት። አልቅሳ መረቀችሽ።"

"በማን አፍ ነው አውፍ ያልኳት?"

"እኔ አልኩልሻ! ሽማግሌ ለምኑ ነው? አገሮቹ እንኳ ታረቁ።"

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ስጠፋ ካሳዬን እነሱ ተቀበሉ። ስገኝ ይቅርታዬን እሳቸው ሰጡ። ጋሼ ለሁሉም አውርተዋል፤ መስጊድ ያገኘኝ ሁሉ አሁን ጥሩ አደረግሽ ይለኛል፣ ጀርባዬን ይዳብሰኛል፣ ጀነት ያውርስሽ ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ እነግረዋለሁ፦ እኔ አላልኩም።