ጋሽ መስመር ስክሪኑን ሲያስተካክሉ

ጋሽ መስመር ይህ ስም የወጣላቸው እንዲሁ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት የግንባታ ድርጅት የዕቅድ ክፍል ውስጥ ስቴፕለሩ ተንጋዶ ካዩ ምሳ አይበላላቸውም። በማስመሪያ እየሠሩ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የሥራ ሰሌዳማ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ አንድም ሥራ በእሱ መሠረት ሄዶ ባያውቅም ሲያዩት ያምር ነበር።

ታዲያ ድርጅቱ የዕቅድ ሶፍትዌር ገዛና ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ፣ "የአዲሱን ትምህርት ቤት ዕቅድ በዚህ ሠርቶ ስብሰባ ላይ ያቀረበ የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል። ያልቻለ ንብረት ክፍል ወርዶ ሚስማር ይቆጥራል" አለ። ጋሽ መስመር ሚስማር ሊቆጥሩ? ሞታቸውን ይመርጣሉ!

እንድታሠለጥናቸው የተመደበችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ወንድማቸው ልጅ! እሽኮኮ አድርገው ያሳደጓት ልጅ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አጎቴ፣ በግራ በኩል የሥራዎቹ ዝርዝር ነው፤ ቁፋሮ፣ መሠረት፣ ግድግዳ እያለ ይወርዳል። በቀኝ ያሉት ሰማያዊ ዘንጎች ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ያሳያሉ። ዘንጉን ከነኩት ቀኑም አብሮ ይሄዳል። እነዚህ ቀስቶች..."

"ገብቶኛል።"

"እሺ፣ ቀስቶቹ ምንድን ናቸው?"

"ገብቶኛል አልኩሽ እኮ! ዓይን የለኝም እንዴ?"

ምኑ ነው የገባቸው! ወዲያው ግራና ቀኙን የምትለየውን ቀጭን መስመር ሳያስቡት ስበው ዘንጎቹ በሙሉ ድራሻቸው ሲጠፋ፣ ሕንፃውን በእጃቸው ያፈረሱ መስሏቸው ላብ አጠመቃቸው። ልጅቱ መስመሯን ስትመልስላቸው ግን፣ "ታውቂ እንደሆነ ልፈትንሽ ብዬ ነው" አሏት። አይ ዓይን አውጣነት!

ልጅቱ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚከተል በቀስቶቹ አያይዛ ዕቅዱን ጨርሳ፣ "አሁን ምንም እንዳይነኩ" ብላቸው ወጣች። ጋሽ መስመር ብቻቸውን ሆነው ስክሪኑን ሲያዩት ግን ዘንጎቹ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ቀስቶቹም እንደ ተበተነ ክር። "ይህን ዝርክርክ ሰው ፊት ላቅርብ?" አሉና ቀስቶቹን አንድ በአንድ ሰረዟቸው። ዘንጎቹንም ወደ ግራ እየጎተቱ ቀጥ አድርገው አሰለፏቸው። እፎይ አሉ።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ማመን አቃተው። "ዓመት ይፈጃል የተባለው ሕንፃ በሁለት ወር?"

"አስተካክዬው ነው" አሉ ጋሽ መስመር ደረታቸውን ነፍተው። ጭብጨባው ቀለጠ። እንዴት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ኃላፊነቱም የእሳቸው ሆነ።

ሥራው በሚጀመርበት ጠዋት ቆፋሪው፣ ግንበኛው፣ ጣሪያ ሠሪውና ቀለም ቀቢው በዕቅዱ መሠረት ባንድ ላይ ተጠርተው ባዶው ሜዳ ላይ ተገናኙ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ፣ "የቱን ግድግዳ ነው የምቀባው?" እያለ ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ በንዴት ጦፎ ደረሰ።

"ይህን ጉድ የሠራው ማን ነው?"

"ፕሮግራሙ ነው ያበላሸው" አሉ ጋሽ መስመር።

"ፕሮግራሙ ላይ ያስገባውስ?"

ሁሉም አብራ ወደመጣችው ልጅ ዞሩ። እሷ አጎቷን አየቻቸው። አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። አፋቸው አርፎ የማያውቀው ሰውዬ ግን ያን ቀን ጫማቸውን ይመረምሩ ጀመር። እሷም በማግስቱ ንብረት ክፍል ተመደበች።

ጋሽ መስመር የተበላሸውን ዕቅድ በቶሎ እንዲያርሙ ታዘዙ። ስክሪኑ ላይ ቢያፈጡ፣ ግራውን ቢነኩ፣ ቀኙን ቢጎትቱ ወይ ፍንክች። መቼም ጨነቃቸውና ኩራታቸውን ውጠው ወደ ንብረት ክፍል ወረዱ። ልጅቱ ከካርቶኖቹ መሃል ብድግ አለች። አጎቴ አላለቻቸውም።

"ምን ላውጣልዎት፣ አለቃ?"

እንድታሳያቸው ሊለምኗት አፋቸውን ከፈቱ። ፊቷን አዩት።

"አንድ ደስጣ ወረቀትና አንድ ማስመሪያ" አሉ።

አወጣችላቸው። ፈረሙና ወረቀትና ማስመሪያቸውን ታቅፈው ደረጃውን ወጡ።