ያሳጠርኳቸው ሁለት ሰዎች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ራቢያ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ስልኳ ስለ አንድ ሰው ወይም ዕቃ ረዘም ያለ መግለጫ ይሰጣትና «አሳጥሪው» ይላታል። እሷም ሁለት ቃል ቆርጣ ትጥላለች፤ ስልኩ አረንጓዴ ምልክት ያሳያታል፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም።

«የጣልሻቸው ቃላት አያሳዝኑሽም?» አልኳት።

«ምን ያሳዝነኛል እማማ? ትርጉሙ እኮ አልተነካም!»

ሳቅ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ የነገርኳት ይህንን ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አብሬው እውላለሁ። ከየወረዳው የሚመጡ ገበያተኞች ጠዋት ጨርቃቸውን ይገዙና «ሐጂ፣ ይቺን አስቀምጥልኝ» ብለው ጥቅላቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሲመለሱ አባቴ ጥቅሉን እፊታቸው ፈትቶ ያሳያል፤ ባለቤቱ «ነው፣ ይኸው ነው» ሲል መልሶ አስሮ ይሰጠዋል። ስም የተጻፈበት ወረቀት የለም፣ ምልክት የለም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በአንድ ዓይነት ሲባጎ የታሰረ ነው። እኔ ይህ አሠራር ኋላ ቀር ይመስለኝ ነበር። ደግሞ አባቴ ዕቃውን ከመቀበሉ በፊት ከየት መጣህ፣ ለማን ገዛህ፣ ዝናቡ እንዴት ነበር እያለ ሰውን ሁሉ ሲያዋራ ሳይ፣ ወሬ ስለሚወድ ነው እል ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ረጃጅም የእንግሊዝኛ መግለጫዎችን ማሳጠር አስተማሩን። ጠመኔውን እንደ ቢላዋ ይዘው ሰሌዳው ላይ «ዘ ማን ሁ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጋቢ» ብለው ጻፉ፤ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ለማለት ነው። ከዚያ መካከል ያለችውን «ሁ ኢዝ» በአንድ ጭረት ሰረዟት። «ዘ ማን ዌሪንግ ኤ ጋቢ!» አሉና እጃቸውን አራገፉ። ሰውዬው አሁንም ጋቢውን እንደለበሰ ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደገረመኝ! ቃል ወጥቶ ምንም የማይጎድል ከሆነ መጀመሪያ ለምን ገባ? እጄን አውጥቼ ይህንኑ ጠየቅኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ አሳጥራለሁ። እናቴ ስትቆጣኝ እንኳ በልቤ ቁጣዋን አሳጥረው ነበር።

ታዲያ በጥር ወር፣ የሠርግ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ለአባቴ ሥራውን ላዘምንለት ተነሳሁ። ከደብተሬ ቁራጭ ወረቀቶች ቀድጄ በየጥቅሉ ላይ ማሰር ጀመርኩ። ብርድ ስለነበር አባቴ ቅርንፉድ የበዛበት ሻዩን እየጠጣ ያየኛል። መጀመሪያ የመጡት ከትክል ድንጋይ አያ ገብሬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ ልጃቸውን ሊድሩ፣ እኛ ዘንድ የተሰፋውን ባለ ጥልፍ የሙሽራ ቀሚስ ሊወስዱ ነው የመጡት። ቀሚሱን አስጠቅልለው ለድግሱ የጎደለውን ሊገዙ ወጡ። ቀጥሎ ከአይከል አንድ ሰውዬ መጣ፤ ለሟች ወንድሙ ሚስት ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ገዝቶ እሱም አስቀምጦ ሄደ። አባቴ ሁለቱንም እንደ ልማዱ አዋራቸው። እኔ የምሰማው በአንድ ጆሮዬ ነበር፤ መግለጫ እያሳጠርኩ ነው። በአያ ገብሬ ጥቅል ላይ በእንግሊዝኛ «ጋቢ የለበሰው ሰውዬ»፣ በአይከሉ ላይ ደግሞ «ዱላ የያዘው ሰውዬ» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ቢያዩልኝ እያልኩ ተመኘሁ።

በጥር ብርድ ጋቢ ያልለበሰ፣ ዱላ ያልያዘ የደጋ ሰው ከወዴት ይገኛል? ይህ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም።

አባቴ ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ እንደሄደ ጋቢ የለበሰ ሰው መጣና «ዕቃየን» አለኝ። ወረቀቴን አነበብኩ፤ ቀና ብዬ ጋቢውን አየሁ፤ ሰጠሁት። አልፈታሁትም። የተጻፈ ነገር እያለ ምን መፍታት ያስፈልጋል? ሰውዬው ጥቅሉን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ወጣ።

አባቴ እንደተመለሰ አያ ገብሬ ደረሱ። አባቴ የቀረውን ጥቅል አንስቶ ሲባጎውን ፈታ። ጥቁሩ ሻሽ እጁ ላይ ተዘረጋ።

አያ ገብሬ አማተቡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ኧረ ምነው ሐጂ! ምነው! ነገ ልጄን ልድር ይህን ታሳየኛለህ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ለማን ሰጠሽ?»

«ጋቢ ለለበሰ ሰውዬ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የሰማሁት።

አያ ገብሬ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ቀሚሱ ባይገኝ ሙሽራይቱ በሰው ልብስ ልትዳር ነው፤ እሳቸውን ግን ከዚያ ይልቅ ያስደነገጣቸው የሐዘን ልብስ በሠርግ ዋዜማ መታየቱ እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። አባቴ ጥቁሩን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና እኔን አስከትሎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የአይከሉ ማኪና ሊነሳ ሞተሩን አስነስቷል። በመስኮቶቹ ጋቢ በጋቢ ሆኖ ታየኝ። አባቴ «የትኛው ነው?» አለኝ። ፊቱን አላየሁማ! አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ረዳቱን ያዘው። «ጠዋት ከእናንተ ጋር የመጣ፣ ወንድሙን ከቀበረ ሳምንት ያልሞላው፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚያነክስ...»

«እሱማ ከኋላ ወንበር ነው» አለ ረዳቱ፣ አባቴን ሳያስጨርሰው። «ስንመጣም ቃል አልወጣው።»

አባቴ ወሬ ሲያበዛ እየመዘገበ እንደነበር የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

ሰውዬው ወረደ። ጥቅሉ እንደታሰረ ነበር። አባቴ ነገሩን ገልጦ ነገረውና የጥቁሩን ልብስ ጥቅል ዘረጋለት። ሰውዬው ግን አልተቀበለውም። «የሙሽራይቱ አባት ጥቁሩን አይቶታል?» ሲል ጠየቀ።

«አይቶታል።»

«እንግዲያማ ቀሚሱን እኔው በእጄ ልስጠው።»

«ማኪናው እኮ ሊሄድ ነው!» አለ ረዳቱ።

«ይሂድ» አለ ሰውዬው።

እያነከሰ ከእኛ ጋር ወደ ሱቅ ተመለሰ። አያ ገብሬ ሲያዩት ብድግ አሉ። ጥቅሉን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። «እንካ አያ፤ አልፈታሁትም። ጥቁሩ የኔ ነው። ሐዘኑ እኔ ቤት ገብቶ ጨርሷል፤ ካንተ ጉዳይ የለውም። ልጅህን እግዜር ወልዳ ለመሳም ያብቃት።»

አያ ገብሬ ጥቅሉን ተቀበሉ። ከዚያ «ማን ሞተብህ?» አሉት።

«ታናሽ ወንድሜ።»

«ና ቁጭ በል።»

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባቴ ሱቁን ገርበብ አደረገ። ሰውዬው ስለ ወንድሙ ማውራት ጀመረ፤ ከማሳው ላይ ወፍ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚያንጎራጉር፣ የጎረቤት ገበሬ ሞፈሩን ተደግፎ እንዴት እንደሚያዳምጠው። ረጅም ነበር። አንድም ሰው አላቋረጠውም። ሲመሽበት አባቴ በእህል ጭነት ማኪና ላይ አሳፈረው።

ማታ አባቴ ወረቀቴን አንስቶ «ምን ይላል?» አለኝ። ተረጎምኩለት። የራሱን ትከሻ ተመለከተ፤ እሱም ጋቢ ለብሷል። «ታዲያ እንኳን እኔንም ለሰው ሳትሰጭኝ ቀረሽ!» አለና ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አያ ገብሬ መጡ። ሠርጉ አምሮ አልፎ ነበር። ዕቃ ሊያስቀምጡ ሲሉ ፈገግ አሉና «አንች ልጅ፣ እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ። ከትክል ድንጋይ የመጡትን፣ የደነገጡትን፣ ልጃቸውን የዳሩትን ሁሉ አከታትዬ ዘረዘርኩላቸው። «ሸጋ!» አሉ። «ስመለስ ግን ፈትተሽ አሳይኝ!»

ራቢያ ስልኳን ትታ ስታዳምጠኝ ቆየችና «የአይከሉ ሰውዬስ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። አላውቀውም። አባቴ ሳያውቀው አይቀርም፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም፤ አባቴም ካረፈ ቆየ። ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ሲቆጨኝ ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ማሳጠር አስተምሬአለሁ፤ ለብዙ ቦታም ይጠቅማል። እሱን ለማሳጠር ግን ስንት ጊዜ ሞክሬ የምቀንሰው ቃል አጣሁ፦ ወንድሙን ከቀበረ ሳምንት ያልሞላው፣ የሰው ደስታ በእሱ ጥቁር ልብስ እንዳይደፈርስ ብሎ ማኪናው ጥሎት ሲሄድ ዞሮ እንኳ ያላየው፣ ፊቱን ልብ ብዬ ያላየሁት ሰውዬ።