የአጥሩ ጥግ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሊልበርን ከተማ ያለውን ጓሮዬን ስጠርግ የእርጥብ ቅጠል ሽታ መጣብኝና መጥረጊያዬን አጥሩ ላይ አስደገፍኩ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አስተማሪያችን ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ሸምበቆ ጠቅጥቀን አጥር ላይ እንድናስር፣ ከሥሩም ቅጠል እንድንከምር ነገረችን። ንቦችና ጥንዚዛዎች ብርዱን እዚያ ያሳልፋሉ አለችን። እኔም ቤታችን አጥር ጥግ ላይ እንዳለችው አደረግኩ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አያቴ ግን ግቢ ሳይጠረግ ቁርስ አትበላም ነበር። በማግስቱ ቅጠሉን ጠራርጋ፣ ቆርቆሮውንም ጨምራ የጋርቤጅ በርሜሉ ውስጥ ከተተችው።

አለቀስኩ። አባቴ ነገሩን ሲያስረዳት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ሁሉንም አንድ በአንድ ለቅማ ቦታው መለሰች።

«ምናለ ብትነግሪኝ? በዚህ ብርድ ነፍስ ያለው ነገር ከቤቱ አስወጣሁ እኮ!» አለችኝ።

አገሯ እስክትመለስ ድረስ ያቺን ጥግ አልነካችም። ሚያዝያ ላይ ስልክ ደወለች። ያ ሁሉ ሰላምታዋ ቀርቶ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወጡ?» ብላ ነው።

«አዎ፣ ሁሉም ወጡ» አልኳት። ሄጄ አላየሁም ነበር።

ዛሬም የአጥሩን ጥግ ሳልጠርግ ተውኩት። አሁን ወጡ ወይ ብሎ የሚደውልልኝ የለም።