ዕውሩ ፎርማጆ

የወንድሜ ሚስት ሚሎይካ የቆላ ልጅ ናት፤ የቪፓቫ ሸለቆ፣ የወይን አገር። እኛ ከቶልሚን ከተማ በላይ ያለነው ደገኞች ደግሞ የወይን አገር ሰውን ከላም ጋር ምን አገናኘው ባዮች ነን። ወንድሜ ወገቡን ታሞ ተራራ መውጣት ሲያቅተው የበጋውን ፎርማጆ የሚሠራ ጠፋ። "እኔ እወጣለሁ" አለች። መንደሩ በሳቅ ሞተ። "ወተቱን ጠምቃ በጠርሙስ ትልክልናለች" ተባለ። ስንት በጋ ከባሏ ጎን ቆማ ስታማስል እንደኖረች ያየሁት እኔ ነኝ፤ ግን ማን ይሰማኛል?

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በእኛ ዘንድ በጋ ሲገባ የመንደሩ ላሞች ሁሉ አብረው ተራራ ይወጣሉ፣ ወተታቸውም አንድ የመዳብ ድስት ውስጥ ይገባል። ሠሪው ከተሳሳተ ሁሉም ሰው ከሰረ ማለት ነው። ያን ዓመት ደግሞ ከጣሊያን በኩል የወተት ቦቴ መምጣት ጀምሮ ነበር። "ወተቱን ስጡንና እናንተ ተኙ" ይላል ሹፌሩ። ከሁሉም ብዙ ላም ያለው ሲልቮ ሩታር ልቡ ወደ ቦቴው ነበር። በመጨረሻ ባለላሞቹ ተስማሙ፦ የሚሎይካ ፎርማጆ በመስከረሙ ገበያ ከተሸጠ ተሸጠ፤ ካልተሸጠ ፎርማጆ የሚሠራበት የተራራው ጎጆ ይዘጋል፣ ወተቱም ለቦቴው ይሆናል።

የቶልሚን ገበያ አንዱ ሲያነጥስ ዳር ያለው "ይማርህ" የሚልበት ትንሽ ገበያ ነው። እዚያ ስምህ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ሌላ የምትሄድበት የለህም። የገበያው ዕለት ጠዋት ጠረጴዛችንን ዘረጋን፤ ሚሎይካ የመጀመሪያውን ድፍን ፎርማጆ ሰው እያየ ለሁለት ከፈለችው። የእኛ ፎርማጆ ሲቆረጥ ምስር የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዓይን እንላቸዋለን፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። የሷ አንድም የለውም! ልሙጥ፣ ልክ እንደ ሳሙና። ክው አልኩ። ያ በጋ ብርድ ነበር፣ ብርድ ሲበዛ ደግሞ ዓይኑ ሳይከፈት ይቀራል።

ሲልቮ ጎንበስ ብሎ አየና ገበያው እስኪሰማ ጮኸ።

"ዕውር ነው! ጎበዝ፣ ዕውር ፎርማጆ ይዛ መጣችላችሁ! ይሄማ ለመጥበሻ ነው!"

በእኛ አገር ለፎርማጆ ሠሪ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ደህናው ፎርማጆ ተቆርጦ ለእንግዳ ይቀርባል። የተበላሸው ከድንች ጋር ተጠብሶ ፍሪካ ይሆንና እቤት፣ በር ተዘግቶ ይበላል። የራሷን ፎርማጆ አደባባይ ላይ የጠበሰች ሴት ገመናዋን እንዳሰጣች ነው የምትቆጠረው። ሰዉ ወደኋላ ሸሸት ሸሸት አለ። ከኮባሪድ የመጣች አንዲት ወፍራም ሴት ያነሳችውን ቁራጭ መልሳ አስቀመጠች።

"ሰብስቢውና እንሂድ" አልኳት።

"ምን ተደርጎ!" ፊቷ በርበሬ መስሏል። "ጋሽ ሲልቮ፣ ለመጥበሻ ነው አሉ?"

"ነዋ!"

"እንግዲያው መጥበሻ ያምጡልኝ!"

ሰዉ ሳቀ። ሲልቮም እየሳቀ ሄዶ ጎናችን ከነበረው ቋሊማ ሻጭ ትልቁን መጥበሻ ከነምድጃው አስጎትቶ መጣ። ሊያዋርዳት መሆኑ ነው እኮ፣ የት አባቱ! እኔ ቀሚሷን ጎተትኩ።

"አብደሻል እንዴ? ወንድሜን ምን ብዬ ልንገረው?"

"ድንች ላጪ" አለችኝ።

እየተራገምኩ ላጥኩ። ድንቹን ቀጭን ቀጭን አድርጋ ከተፈችና በስብ አበሰለችው፣ ከዚያ ዕውሩን ፎርማጆ ላዩ ላይ አዘነበችው። የተበላሸ ፎርማጆ እሳት ሲያገኝ ቅባቱን ይተፋና ጎማ ይሆናል፤ ምድጃ ፊት የቆመ ሁሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። የሷ ግን ቀስ ብሎ ቀለጠ፣ ድንቹን አቅፎ ያዘ፣ ዳር ዳሩ ወርቅ መሰለ። አቤት ሽታው! ክዳን ገጥማ ግልብጥ ስታደርገው ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

ቋሊማ ሻጩ "የመጥበሻዬ ኪራይ" ብሎ ቀድሞ ጎረሰ። ምላሱ ተቃጠለ፤ እያለቀሰ ደገመ። ቀጥላ የኮባሪዷ ሴት መጣች፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ ጮኸች።

"ዕውር ትሉታላችሁ እንጂ መንገድ አልሳተም! ቀጥ ብሎ ሆዴ ገባ!"

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ምዕመን በሙሉ እኛ ጋ ተሰለፈ። የቀመሰ ሁሉ "ለቤት ደግሞ ከዕውሩ ቁረጪልኝ" ይላል። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትጠብሳለች። ደገኛ ነን ብለው የሚኮሩት እነዚያ ጎረቤቶቼ አደባባይ ላይ ፍሪካ እየበሉ ጣታቸውን ሲልሱ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ በር የዘጋም የለም! የቀትር ደወል ሳይደወል ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀረ።

ባለላሞቹ እዚያው ምድጃው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዕድሜ የጠገቡት ሉድቪክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ቃላችን ቃል ነው፤ ፎርማጆው ተሸጧል። አሁንም ጎጆው ይዘጋ፣ ወተቱ ለቦቴው ይሁን የሚል እጁን ያውጣ።"

ሁሉም ዞሮ ሲልቮን አየ። ሰውየው በአንድ እጁ መጥበሻውን ደግፎ በሌላው በዳቦ ቅርፊት ታችኛውን እየጠራረገ ነበር። ሚሎይካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች።

"ምን ታፈጡብኛላችሁ?" አለ ሲልቮ ቀና ሳይል። "እጄ ሥራ ይዟል!"

አንድም እጅ አልወጣም። ሚሎይካ ባዶው ሳጥን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፣ ከተራራ ላሞች እንደሚጠሩት አድርጌ በረጅሙ ጮህኩ፤ ገበያው በሙሉ ተቀበለኝ።