ምርቃት የበላው ፈረስ

መኪና መገጣጠሚያችን ሮቤ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ የስንዴ ማሳ በሚነካበት በኩል ነው። ዕቃው በሣጥን ከባሕር ማዶ ይመጣል። እኛ ጎማውን ከሻንሲው፣ ሞተሩን ከጋቢናው አገናኝተን የጭነት መኪና እናደርገውና በበሩ እናስወጣዋለን። የመጨረሻው ፊርማ የእኔ ነው። እያንዳንዱን ብሎን ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ እፈትሻለሁ፣ የጠበቀው ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰምራለሁ። ነጭ መስመር የሌለው አንድ ብሎን ካየሁ ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቢቆምም አልፈርምም።

ለዚህ ጠባዬ ስም ወጥቶልኛል፤ «ማኑዋሏ» ይሉኛል። አልከፋኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ጎባ በማታ ትምህርት፣ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጥፌ ነው። በልጅነቱ የተማረ ሰው ሲያነብ ትንፋሹን እንደሚስብ ነው፣ አያስተውለውም። እኔ ከጾም በኋላ እንደሚፈስክ ሰው ነኝ። የጨው ከረጢት ላይ የተጻፈውን፣ መድኃኒት ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ፋብሪካው እንደገባሁ ከሣጥኖቹ ጋር የመጣውን፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመውን ወፍራም የመገጣጠሚያ መጽሐፍ፣ ማኑዋሉን፣ ያገኘሁት እግሩ ካጠረ ጠረጴዛ ሥር ነበር። አውጥቼ በምትኩ እንጨት አስገባሁ። ፎርማናችን የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

«ከዚህ ቤት የተማረ እሱ ጠረጴዛ ብቻ ነበር፤ እሱንም አደነቆርሽው!»

ተገጣጥመው ያለቁ የውጭ ጭነት መኪኖች ከተማችን የገቡት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ማሳያ ከፈተ። መስታወቱ ውስጥ የሚታዩት መኪኖች ስክሪን አላቸው፤ ኋላቸውን የሚያይ ካሜራ አላቸው። በያጃችን በምሳ ሰዓት ሊያይ ሄዶ ተመለሰና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሲበይድ ቆየ። ኋላ መነጽሩን አውልቆ፣

«ወንበሩ ይሞቃል» አለ። «ሰማችሁ? ወንበሩ!»

የባሌን ብርድ ለሚያውቅ ይሄ ቀልድ አይደለም። ገዢ እየቀነሰ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን ነገሩን ሳያሽሞነሙን ተናገረ፦ የገበሬዎቹ ዩኒየን ዘንድሮ ከእኛ ካልገዛ፣ መጋዘን ውስጥ የቀሩት ሣጥኖች ሲያልቁ ሥራው ይቆማል። ወደ ቤቴ፣ ወደ ጎባ፣ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መጽሐፌን ገልጬ ይዤ አንዲት መስመር ሳላነብ ደረስኩ። በሕይወቴ ስሜን የፈረምኩበት ሥራ ይሄ ብቻ ነው።

የዩኒየኑ ሊቀመንበር ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የሚነካ፣ ከዘራ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ዋጋ ይጠይቃሉ ብለን ስንጠብቅ፣

«መኪናችሁ ሳነቴን ያውቀዋል?» አሉ።

ሳነቴ ከጎባ በላይ ያለው፣ ወደ ደሎ መና የሚያሻግረው ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ውሳኔያቸው አጭር ነበር። የእኛ መኪና እና የውጩ እኩል ገብስ ይጫናሉ፣ ሳነቴን ተሻግረው ደሎ መና ይወርዳሉ። የዩኒየኑ ጸሐፊ በውጩ ይሄዳል። እሳቸው በእኛ።

በዕለቱ ጠዋት ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ መኪናውን እኔ አስቆምኩት። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላ ግራ ባሌስትራ ሦስተኛ ብሎን ላይ ነጭ መስመር አልነበረም። ጭነት ላይ ያለ መኪና ሥር ገብቼ ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ስወጣ ፎርማኑ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል።

«ላልቶ ነበር?»

«አይ፣ ጠብቆ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«አሁን ግን አውቄዋለሁ፣ ጋሼ።»

ፈረምኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። በእኛ አገር እርጥብ ሣር ሰላም ነው። አዲስ መኪና የመጀመሪያ መንገዱን ሲጀምር ሽማግሌ ይመርቀዋል፣ ፊቱ ላይም አንድ እፍኝ ሣር ይሰካለታል። ሌላ ቀን አንድ እፍኝ ይበቃ ነበር። በዚያን ቀን ግን ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ። ቀለም ቀቢው፣ የክበቡ ምግብ አብሳይ፣ ጥበቃው፣ ሥራ አስኪያጁም ከነከረባቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ጫማው ጭቃ ነክቶት ተመለሰ። ሽማግሌው በኦሮምኛ መርቀው «ነጋን ገላ» ሲሉ፣ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው፣ ግማሻችን «አሚን»፣ ግማሻችን «አሜን» አልን። እኔም የራሴን እፍኝ ጫፍ ጫፉን አስተካክዬ ከሌሎቹ መሐል ክፍተት ፈልጌ በደንብ ጠቅጥቄ ሰካሁ።

ሾፌራችን የጎባ ልጅ ነው፤ ዝም ማለት አይችልም። «ማኑዋሏ ካልመጣች ሞተር አላስነሳም» አለ። «መንገድ ላይ መጽሐፉን ማን ያነብልኛል?» መጽሐፉን ታቅፌ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከጎባ በላይ ዳገቱ እንደጀመረ የውጩ መኪና አለፈን። ጸሐፊው በመስኮት እጁን አወዛወዘልን።

«ወንበሩ ሞቆት ነው» አለ ሾፌራችን። «የእኛ እንደ ደብር ድንጋይ ነው፤ ጸሎት እንጂ ሙቀት የለውም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። እኔ ግን ዓይኔ የሙቀት መለኪያው ላይ ነበር። ቀስቱ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ጉም ውስጥ ቆመው ያዩናል፣ የእኛ ጥርስ በብርድ ይንቀጫቀጫል፣ ሞተራችን ግን ፈላ። ቆምን።

«የውሃ ፓምፑ ነው፤ አለቀልን» አለ ሾፌሩ፤ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ሞተር ሲግል የሚታዩ ነገሮች በተራ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው «ከራዲያተሩ ፊት አየር የሚገባበት ክፍት መሆኑን ማየት» ይላል። ይሄን ጠዋት አይቼዋለሁ ብዬ ዘለልኩት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ከሾፌሩ ጋር አየን። ውሃው ሙሉ ነው፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ደህና ነው፤ የማራገቢያው ብሎኖች ሁሉ ነጭ መስመሬን ይዘው ቆመዋል።  ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። በመጋዘን የቀሩት ሣጥኖች አንድ በአንድ ታዩኝ።

ሌላው መስመር ሲዘል ብይዘው የማልለቀው እኔ፣ መስመር ዘልያለሁ። ጠዋት አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን ያየሁት ከምርቃቱ በፊት ነው።

ወደ መኪናው ፊት ዞርኩ። አየር የሚገባበት ፍርግርግ አይታይም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። የመንገዱ ነፋስ ሣሩን ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ጉሙ አርሶት፣ አቧራው ለስኖት፣ ለእስትንፋስ ቀዳዳ አልተረፈም። እኔ የጠቀጠቅሁት እፍኝ መሐሉ ላይ ከሁሉም ተስተካክሎ ይታያል።

«ኧረ በሞቴ!» አለ ሾፌሩ። «የግጦሽ መሬት ተሸክመን ነው የመጣነው።»

እኔም እሱም እጃችንን አልሰደድንም። የመረቁት ሽማግሌ እያዩ ምርቃታቸውን ማን ይነቅላል? ወደ ጋቢናው ሄድኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ምርቃቱ አየር ዘጋብን።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወረዱ፣ አዩ፣ ከዘራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ኢንተለ ኮ! ልጄ! ይሄን ሁሉ ዕድሜ ምርቃት ሲያንስ እንጂ ሲበዛ አይቼ አላውቅም!»

ሾፌሩ አንዱን እፍኝ ነቅሎ መንገድ ዳር ሊጥል ሲል ግን ከዘራቸው እጁን መለሰው። የምርቃት ሣር አይጣልም። ሦስታችን ሣር ታቅፈን ቆመን ሳለ ከጉሙ ውስጥ ብርድ ልብስ የለበሰ ፈረሰኛ ብቅ አለ። ሽማግሌው «አካም ጂርታ» ብለው የሰውየውን፣ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት በቅደም ተከተል ጠየቁ። ከዚያ ሣሩን ለፈረሱ አቀረቡለት። እኔ ከራዲያተሩ ላይ ቀሪውን በጣቴ እየለቀምኩ፣ ፈረሱ እየበላ፣ ሞተሩ በረደ። ፈረሰኛው መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየ።

«የማን ኩባንያ ነው» አለ፣ «ለሰው ፈረስ ሣር በመኪና የሚልክ?»

ሽማግሌው አንድ እፍኝ አስቀርተው ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «መጽሐፍሽ የት ይፈቅዳል?»

የጎን መስታወቱን ክንድ አሳየሁ። እዚያ አሰሩት። ከዚያ በኋላ ቀስቱ ከመሐል አልነቃነቅም አለ። የሐረናን ጫካ ጠመዝማዛ ስንወርድ ሾፌራችን ዘፈነ፤ ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ ተቀበሉት።

ደሎ መና ስንደርስ የውጩ መኪና ገብሱን አራግፎ፣ ሾፌሩ ሁለተኛ ሻዩን ይጠጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመውናል። አብሯቸው የመጣው የኩባንያው ሻጭ ጨዋ ልጅ ነው፤ መጥቶ እንኳን በደህና ገባችሁ አለን። ሽማግሌው ሰላምታውን ተቀብለው፣

«የእናንተው ተራራ ላይ ቢታመምስ?» አሉት።

«ባለሙያ ከአዲስ አበባ እንልካለን፣ አባቴ። በሁለት ቀን ይደርሳል።»

«ገብሴ ሁለት ቀን ዝናብ ይመታዋላ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሩጫውን እናንተ አሸንፋችኋል፣ አልክድም። ለደልዳላው መንገድ ከእናንተ እገዛለሁ። ሳነቴን የሚሻገሩትን ግን ከነዚህ። ይቺ ልጅ ጠዋት ለጠበቀ ብሎን ሩብ ሰዓት አቁማኛለች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። ተራራው ላይ ግን የእኔን ምርቃት ሳይቀር መረመረች። ከነፊርማዋ እገዛለሁ።»

ለፋብሪካው ደወልኩ። ሾፌሩ ስልኩን ነጥቆኝ ጮኸበት። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የተሰማኝ የምግብ አብሳይዋ እልልታ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ብረት ነገር ሲወድቅ። በኋላ ሲነገረኝ በያጁ መዶሻውን ወደ ላይ ወርውሮት ነበር።

በማግስቱ ከመፈተሻ ቅጹ ግርጌ በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከምርቃት በኋላ የፊት ፍርግርግ እንደገና ይታይ።» ፎርማኑ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ደግሞ ምርቃትንም ልትቆጣጠሪ ነው?» አለኝ። ቢሆንም አሳተመው። ዛሬ ሣር የሚታሰረው መስታወቱ ክንድ ላይ፣ አንድ እፍኝ ብቻ ነው። የተረፈውን የጥበቃችን ፈረስ ይበላዋል፤ ወፍሯል። ወንበራችን አሁንም አይሞቅም። በያጃችን ግን ከገበያ የበግ አጎዛ እየገዛ ሳነቴን በሚሻገር መኪና ወንበር ሁሉ ላይ ያነጥፋል። አጎዛውን ገልጬ ከሥሩ ያሉትን አራት ብሎኖች ሳላይ አልፈርምም።