ውቂያ የተቀዳበት ካሴት

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዘወትር የተበላሸ ዕቃ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ይመስለኛል። ባለፈው ታኅሣሥ ያመጣችልኝ ግን ክሩ ተጎልጉሎና ተጨማዶ በላስቲክ የተጠቀለለ ካሴት ነበር። የሠራው ወዳጇ ነው፤ ሙዚቃን በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብቻ የሚያቀናብር፣ አሳታሚ የሌለው፣ በገዛ እጁ ሃያ ሃያ ካሴት እየቀዳ ለሚፈልግ የሚያድል ወጣት። ኢንተርኔት ላይ ምንም አያወጣም። ዋናው ቅጂ ከኮምፒውተሩ ጋር ጠፍቶበታል፤ የታደሉትም ካሴቶች የት እንደ ደረሱ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ከዚህ ሌላ የለውም» አለችኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከወጣቱ ጋር መጥታ እንደምትወስደው ነግራኝ ሄደች።

ክሩን በጣቶቼ እያቃናሁ፣ የተበጠሰውን ቀጥዬ ወደ ሌላ ቀፎ አዛወርኩት። ማንም ስቶ እንዳይቀዳበትም በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ አጫወትኩት። የሰማሁት እሪታና ሹክሹክታ የሚመስል ነፋስ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማጫወቻዬን ነው። ክሩን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል አጸዳሁ፤ የሚያሽከረክረውን ቺንጋ ፈተሽኩ፤ ሌላ ካሴት አስገብቼ ሞከርኩ። ያኛው ጥርት ብሎ ዘፈነ። እንግዲያው ጥፋቱ የክሩ ነው ብዬ ልፈርድ ስል አንድ ነገር ያዘኝ፤ እሪታው ተመልሶ ይመጣል። ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ለካሁት። በየአርባ ሰከንዱ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም አንድ ቀጭን ድምፅ ይጨመርበታል።

ብልሽት እንዲህ አይቆጥርም።

ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት የተማርኩበት ቤተ ሙከራ ትዝ አለኝ። የሁለት ድምፅ ማመንጫዎችን ከፍታ እያቀራረብን እንድንለካ ታዘን ነበር። ድምፆቹ እኩል ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው ጎላ ዝቅ እያሉ በዝግታ መተንፈስ ይጀምራሉ። ለሪፖርቱ የሚፈለገው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ወጥተው፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አዳምጥ ነበር። ደስ እንደሚለኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምርም ለተማሪዎቼ ያሳየኋቸው ስሌቱን ብቻ ነው። አሁን አንድ የማላውቀው ወጣት ያንኑ ትንፋሽ ሥራዬ ብሎ ይዞ ሠላሳ ደቂቃ አቆይቶታል። ያን ቀን ከወንበሬ ስነሳ ዕድሜዬ የቀለለ መሰለኝ።

ደስታ ምስክር ይፈልጋል። የልጅነት ወዳጄ የጨፋ ሜዳ ገበሬ ነው፤ ሐሙስም እሑድም ገበያ የማያመልጠው ከብት ነጋዴ። አሮጌ ቴፕ አለው። ካሴቱን ለሦስት ቀን አዋስኩትና ሰምተህ ፍረደኝ አልኩት። በሰው አደራ ላይ እንዲህ መቀለዴን ዛሬም አላጸድቀውም።

በሦስተኛው ቀን ፊቱ በርቶ መጣ። «ካሴትህ ሞቷል፣ ወንድሜ። ነፋስ ብቻ ነው የሚጮኸው። ባዶውን ከምመልስልህ ብዬ ውቂያችንን ቀዳሁልህ።»

ካሴቱን ገልብጬ አየሁ። ከሰበርኳቸው ፕላስቲኮች የአንደኛው ገጽ ቦታ በታጠፈ ወረቀት ተጠቅጥቋል። በእኛ አገር ተበላሸ የተባለ ካሴት አይጣልም፤ ቀዳዳው በወረቀት ይደፈንና ሠርግ ወይም መንዙማ ይቀዳበታል። ይህን ዘዴ ለወዳጄ በተማሪነታችን ዘመን ያሳየሁት እኔው ነኝ።

ካሴቱን ደጋግሜ ሳገላብጥ አይቶ «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አለኝ። ነገርኩት። ተቀመጠ። ወጣቱ ሲመጣ አንተ አትናገር፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ አለ።

እሱ ከሄደ በኋላ የጥፋቱን ልክ ለማወቅ አጫወትኩት። የበሬዎች ኮቴ በእህል ላይ፤ ሰዎች በሬዎቻቸውን ሲያሞግሱ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ሲጨርሱ፤ የመንሽ ሽውታ። ከሥር ግን ሌላ ነገር አለ። እየተነፈሰ፣ በየአርባ ሰከንዱ እየተመለሰ፣ ከኮቴው በታች እንደ መሬት ተዘርግቶ።

ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ። የወዳጄን ቴፕ ከዓመታት በፊት ጠግኜለት ነበር። የቀድሞውን ድምፅ የሚያጠፋው ሄድ አርጅቶ ስለነበር መለዋወጫ ፈልጌ አጣሁና በአዲስ ካሴት ላይ ብቻ እንዲቀዳ አስጠንቅቄ መለስኩለት። እሱ ረሳው። በሕይወቴ ሳልጨርስ የተውኩት ጥገና ያ ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜም ያሳፍረኝ ነበር።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከወጣቱ ጋር መጣች። ወዳጄም እንደ ቃሉ ተገኝቶ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ወጣቱ ካሴቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ማጫወቻዬ አስገባ። ገጹ እስኪያልቅ አንገቱን አላቀናም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የፈተና ውጤት ሰጥቻለሁ እንጂ እንዲያ ጠብቄ አላውቅም።

ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም «የእግሩን ምት ማነው ያቀናበረው?» ሲል ጠየቀ።

«በሬዎቹ ናቸዋ» አለ ወዳጄ። «አንደኛውን ሰንበቴ ገበያ ሸጬዋለሁ። ሁለተኛው አለ፣ ከፈለግህ አነጋግረው።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁ መልኩን ለወጠና ዓይኑን ጠረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንደጎደለው እያወቀ ምን እንደሆነ ሳያገኘው መቅረቱን ነገረን። እንዳለ ላባዛው ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ ብሎ ወዳጄን ጠየቀ። ወዳጄ የወቁት ሰዎች ሁሉ ካልፈቀዱ አይሆንም አለ፤ በማግስቱ ሁለቱ አብረው ጨፋ ወርደው እያንዳንዳቸውን አስፈቀዱ። እዚያው ሳሉም የቀረውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነው በሁለተኛው ገጽ ላይም ውቂያውን በዚያው ቴፕ ቀዱበት።

ከሃያዎቹ ካሴቶች ሁለቱ ለእኛ ደረሱን። ወዳጄ የእሱን የከፈተው ገበሬዎቹን ሰብስቦ በአውድማው ላይ ነው። ከወቁት አንዱ የራሱን ድምፅ ለይቶ ሰማና ከሥር የሚያጅበው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ወዳጄ አገጩን ወደ እኔ ቀስሮ «የመምህሩ ነፋስ ነው» አላቸው። ወሬያቸውን ትተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። በሃምሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ትንፋሽ ከሰው ጋር ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ የጠፋው መለዋወጫ ሄድ በደሴ ተገኝቶልኛል። ዊንጮቼን ይዤ ወዳጄ ቤት ስደርስ ቴፑን በሁለት ክንዱ አቅፎ ጠበቀኝ።

«ቺንጋውን ቀይር፣ ዘይት አጠጣ። ማጥፊያውን ግን እንዳትነካብኝ።»

ቺንጋውን ቀየርኩ፤ ዘይት አጠጣሁ። አዲሱ ሄድ እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።