የቀኙ ኩሽኔታ

በጋራዡ ውስጥ አንጋፋውን መካኒክ «ወንድም ጋሼ» የማይለው ሰው የለም። የጋራዡ ባለቤት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ሙያውንም ለታናሹ ያስተማረው እሱ ነው። የየትኛው ጎማ ኩሽኔታ እንዳለቀ፣ መኪናው ገና ከበር ሲገባ በድምፁ የሚለይ ሰው ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ዘንድሮ ጆሮው ከድቶታል፤ ፊት ለፊት ጮክ ብለው ካላወሩት አይሰማም፣ የኩሽኔታ ጉርምርምታ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶበታል። ከሥራው እንዳያነሱት ብሎ ጉዱን በሆዱ ይዞ ሹፌሮችን በዘዴ ይጠይቃል።

«ድምፁ ወዴት ስትታጠፍ ይብስበታል?»

ወደ ግራ ከሆነ ክብደቱ ቀኝ ላይ ያርፋል፤ የሚለወጠው የቀኙ ነው። እስከ ዛሬ ዘዴው አላሳፈረውም።

«ወደ ግራ» አለው የዛሬው ሹፌር፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

ወንድም ጋሼ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ሁለት ኩሽኔታ አስወጣ። በአንደኛው ላይ የታተመው ቁጥር እንደ ፎርጅድ ዕቃ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በጣቱ ሲያሾረውም ይንገዳገዳል። «ይሄን ለጋሪ ሽጠው» ብሎ ለባለሱቁ መለሰና ሁለተኛውን ያዘ።

መኪናውን በክሪክ አንስቶ የቀኙን ፈታ። አሮጌው ሲወጣ አሾረው። ለስለስ ብሎ ዞረ። ጤነኛ ነው! «ተሳስቻለሁ» ብሎ ሌላውን ቢፈታ «እንዴት ሳትሰማው ቀረህ?» ሊሉት ነው። ከቁርጥራጭ ብረቱ መሃል ወረወረው።

አዲሱን በውጭ ቀለበቱ በኩል ብቻ እየገፋ በፕሬስ አስገባ፤ የውስጡን ቀለበት ቢጫነው ኳሶቹ ይጎዳሉ። ዳዶውን እስከ ልኩ አጠበቀ። ሥራው እንከን አልነበረውም።

ለሙከራ ሲወጡ መሪውን ታናሽየው ራሱ ያዘ። ሁለት መካኒኮችም ከኋላ ገቡ፤ ምን ሊሠሩ እንደሆነ ወንድም ጋሼ አልገባውም።

«እህስ፣ ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ ታናሽየው።

«ጸጥ ብሏል! እንከን አይወጣለትም።»

በመስታወቱ ውስጥ ከኋላ ያሉት በሳቅ ሲፈርሱ አየ።

ታናሽየው መኪናውን ጥግ አስይዞ ፊቱን አዞረለት። «የሚያጓራው የግራው ነው። ሹፌሩን ‹ወደ ግራ በለው› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለብቻዬ ብትጠይቀኝ እኮ ጆሮዬ እንደከዳኝ እነግርህ ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሳቅ ከየት እናመጣው ነበር?»

ጋራዡ ሲደርሱ ወንድም ጋሼ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ክሪኩን በግራው ጎማ በኩል አስገባ። ታናሽ ወንድሙ የዳዶ መፍቻ ቁልፉን ከእጁ ወስዶ ሲስቁ ከነበሩት ለአንዱ ሰጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪና እጥበት ላይ ሰው ጎድሎናል። እዚያ ጆሮ አያስፈልግም» አለው። ያለውም ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ነው፤ አንድም ቃል እንዳያመልጠው።